የውሻ ንክሻ እና የልጆቻችን ሕይወት፡ ከውሻው ባለቤት ምን ይጠበቃል?

 

በዚህ ዓምድ ስለ ማዕዳችን፣ ስለ ንጽሕናችንና ስለ ልጆቻችን እድገት መነጋገር የተለመደ ነው። የዛሬው ርዕሳችን ግን ከማዕድ ቤት ወጣ ብሎ ግቢያችን በር ላይ የተጋደመውን ውሻ ይመለከታል።

ባሕር ዳር ውስጥ ለሱብሒ ሶላት በእግሩ ወደ መስጂድ የሚሄድ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል። አዛኑ ሲሰማ ውሾቹም አብረው ይነሣሉ። ሌሊት ከየግቢው የተለቀቁት፣ ባለቤት የሌላቸውም ጭምር፣ በየመንገዱ መታጠፊያ በቡድን ይጠብቃሉ። አዋቂው ዱላ ይይዛል፣ ወይም ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ያነሣ ይመስላቸዋል። ከትምህርት ቤት በፊት ቁርኣን ለመቅራት በማለዳ የሚወጣው ልጅ ግን ይሮጣል። የሮጠን ደግሞ ውሻ ያሳድዳል። ወደ ጣና ዳርም ብንወርድ፣ ዓሣ በሚገፈፍበት አካባቢ የሚጣለውን አንጀትና ጭንቅላት የለመዱ ውሾች ልጆች በሚጫወቱበት ቦታ ሲርመሰመሱ ይታያል።

እኛ ሙስሊሞች ውሻን ቤታችን ውስጥ አናስገባም። ልሀጩ ዕቃችንን ከነካው እናጥባለን። ከዚህ ልማድ የተነሣ ብዙዎቻችን «የውሻ ነገር እኛን አይመለከተንም» ብለን እናስባለን። ሐቁ ግን ሌባና ጅብ በመፍራት በር ላይ ውሻ የሚያኖር ሙስሊም ቤተሰብ ጥቂት አለመሆኑ ነው። ውሻው ከቤት ውጭ በመሆኑ ንክሻውም ከኃላፊነታችን ውጭ የሆነ ይመስለናል። ይህ ጽሑፍ ይህንን ስሕተት ለማረም ያለመ ነው።

ውሻ ልጅን የሚገድለው እንዴት ነው?

ውሻ ልጅን በሁለት መንገድ ሊገድል ይችላል። የመጀመሪያው በግልጽ የሚታየው ነው። ኃይለኛ ውሻ ወይም የውሾች ቡድን ልጅን ጥሎ አንገቱንና ፊቱን ይዘነጥላል። በአውሮፓና በአሜሪካ ጋዜጦች ስለ ውሻና ስለ ሕፃን ሞት ሲጻፍ በአብዛኛው የሚወራው ስለዚህ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ኤክስ ኤል ቡሊ የሚባለውን ግዙፍ የውሻ ዝርያ ያለ ልዩ ፈቃድ መያዝ ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወንጀል እንዲሆን የተደረገው በእንዲህ ዓይነት ጥቃቶች ምክንያት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ድምፅ የለውም። ጥርሱ ያረፈበት ቦታ ትንሽ ነው፤ ደሙም ቶሎ ይቆማል፤ ቁስሉ በሳምንት ይድናል። ልጁ ግን ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ይሞታል። ይህ የእብድ ውሻ በሽታ፣ በሕክምናው ስም ሬቢስ የሚባለው ነው። በአገራችን የውሻ ንክሻ ብዙ ሰው የሚገድለው በዚህኛው መንገድ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በታተመ ዓለም አቀፍ ግምት መሠረት በሽታው በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚጠጉ ሰዎችን ይገድላል፤ ከእነዚህ ውስጥ ወደ 2,700 የሚሆኑት ኢትዮጵያውያን ናቸው። በዓለም ላይ ካለው የሰው ሬቢስ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚተላለፈው በውሻ ነው።

ስለዚህ «ውሻዬ ትንሽ ነው፣ ሰው አይጥልም» ማለት መልስ አይሆንም። ያልተከተበች ትንሽ ቡችላ ከአንድ የተከተበ ትልቅ ውሻ የበለጠ ልታስፈራን ይገባል።

የጣና ዳር የቆየ መከራ

ይህ በሽታ ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። በ1884 እ.ኤ.አ. በትግራይ፣ በቤጌምድር፣ በጎጃምና በወሎ ከባድ የሬቢስ ወረርሽኝ እንደነበር ተመዝግቧል። ቤጌምድርና ጎጃም ማለት የጣና ምሥራቁና ምዕራቡ ዳርቻ ማለት ነው። አያቶቻችንና ቅድመ አያቶቻችን በዚያ ዘመን ለተነከሰ ልጅ ከዱዓና ከሥራሥር በቀር ሌላ አማራጭ አልነበራቸውም።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በጁላይ 6 ቀን 1885 እ.ኤ.አ.፣ ሉዊ ፓስተር የተባለው ፈረንሳዊ ሳይንቲስት በእብድ ውሻ የተነከሰ ጆሴፍ ማይስተር የሚባል የ9 ዓመት ልጅ ፓሪስ ውስጥ አዲስ ክትባት እንዲሰጠው አደረገ። ልጁም ተረፈ። በየዓመቱ ሴፕቴምበር 28 የዓለም የሬቢስ ቀን ሆኖ የሚታሰበው ፓስተር የሞተበት ቀን ስለሆነ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከ140 ዓመት በላይ አልፏል። መድኃኒቱ ታውቆ እያለ በዘመናችን አንድ ልጅ በዚህ በሽታ ከሞተ፣ በመካከል አንድ ሰው ማድረግ የነበረበትን ሳያደርግ ቀርቷል ማለት ነው። ያ ሰው ምናልባት ውሻውን ያላስከተበው ጎረቤት ነው፤ ምናልባትም ቁስሉን አይቶ «ትንሽ ነው» ያለ ወላጅ ነው።

ለምን ሕፃናት ይበዙበታል?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ እብድ ነው ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ምክንያቶቹ ግልጽ ናቸው።

አንደኛ፣ የልጅ ፊትና አንገት በውሻ አፍ ልክ ነው። አዋቂ ሰው ባቱን ሲነከስ ሕፃን ጉንጩን ወይም ራሱን ይነከሳል። የሬቢስ ቫይረስ ከቁስሉ ተነሥቶ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ስለሚጓዝ፣ ቁስሉ ለአንጎል በቀረበ መጠን በሽታው ይፈጥናል።

ሁለተኛ፣ ልጅ የውሻን ምልክት አያነብም። የሚበላ ውሻ ይነካል፣ የተኛውን ይቀሰቅሳል፣ ቡችሎቿን የምታጠባ እናት ውሻ ፊት ቡችላ ያነሣል።

ሦስተኛውና በጣም አሳሳቢው፣ ልጅ አይናገርም። እስቲ አንድ ሁኔታ እናስብ። የሰባት ዓመት ልጅ ከቁርኣን ቤት ሲመለስ የጎረቤት ውሻ ባቱን ጨረፍ አደረገው። ሱሪው ተቀደደ። ልጁ ውሻውን በድንጋይ መትቶት ነበርና «እማዬ ትቆጣኛለች» ብሎ ፈርቶ ሱሪውን ደበቀ። ሁለት ወር አለፈ። አንድ ቀን ባቱ ላይ፣ ድሮ በዳነው ቁስል ቦታ፣ መብላትና መውረር ጀመረው፤ ትኩሳትም ተከተለ። ውኃ ሲሰጡት ጉሮሮው ተኮማትሮ ብርጭቆውን ገፋ። በዚህን ጊዜ እናትየው ሁሉንም ትሰማለች፤ ነገር ግን ዘግይቷል። የሬቢስ ምልክት ከታየ በኋላ በሽታው ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ገዳይ ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁን ዛሬ ማታ ቁጭ አድርጋችሁ እንዲህ በሏቸው፦ «ውሻ ወይም ድመት ቢነክሳችሁ፣ ቢቧጭራችሁም ንገሩን። ጥፋቱ የእናንተ ቢሆንም አንቆጣም።» ይህችን ቃል መስጠት ብቻውን የልጅ ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል።

ያበደ ውሻ በምን ይታወቃል?

ብዙ ሰው «ያበደ ውሻ አረፋ እየደፈቀ ይሮጣል» ብሎ ብቻ ያውቃል። እንዲህ ዓይነቱ አለ፤ ጠባዩ ይለወጣል፣ ሳይነካ ሰውና እንስሳ ይነክሳል፣ እንጨትና ድንጋይ ያኝካል፣ ድምፁ ይሻክራል፣ ልሀጩ ይዝረበረባል። ነገር ግን ዝምተኛ ዓይነትም አለ። ውሻው ጨለማ ቦታ ፈልጎ ይተኛል፣ መንጋጋው ይንጠለጠላል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ እግሩ ይሰንፋል። ሰው አጥንት ያነቀው መስሎት እጁን አፉ ውስጥ ከትቶ ለበሽታው የሚጋለጠው በዚህ ጊዜ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ነገር ደግሞ፣ ምልክቱ ከመታየቱ ከጥቂት ቀናት በፊት ጀምሮ ቫይረሱ በልሀጩ ውስጥ መኖር መቻሉ ነው። ስለዚህ «ውሻው ጤነኛ ይመስላል፣ የምናውቀው ነው» የሚለው አባባል ዋስትና አይሆንም።

ልጅ ከተነከሰ ምን እናድርግ?

ቅደም ተከተሉን ጠብቃችሁ የሚከተለውን ፈጽሙ።

1. ወዲያውኑ እጠቡ። ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል በደንብ እጠቡት። የቧንቧ ውኃ ከሌለ በጆግ እያፈሰሳችሁ፣ ሐይቅ ዳር ከሆናችሁም በባልዲ ንጹሕ ውኃ አምጥታችሁ እጠቡ። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፤ ልጁ ያለቅሳል፤ አታቋርጡ። ቫይረሱ በሳሙና በቀላሉ የሚጠፋ በመሆኑ ይህ እርምጃ በራሱ ትልቅ ሕክምና ነው። ከታጠበ በኋላ አዮዲን ወይም የቁስል አልኮል ካለ አድርጉበት።

2. ቁስሉን አትሸፍኑት፣ አታሰፉት። ደሙ ካላስቸገረ በቀር አጥብቃችሁ አትሰሩት። መሰፋት ካለበትም የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

3. በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ። ክትባቱ እዚያ ከሌለ የት እንደሚገኝ ጠይቃችሁ ወደዚያው ቀጥሉ እንጂ ወደ ቤት አትመለሱ። ከዘጌ ወይም ከደሴቶቹ በጀልባ የሚመጣ ሰው «ነገ እሄዳለሁ» ማለት የለበትም። ቫይረሱና ክትባቱ እሽቅድምድም ላይ ናቸው፤ ቀድሞ የተነሣው ያሸንፋል። ቀናት ካለፉም ቢሆን ምልክት እስካልታየ ድረስ ሂዱ፤ «አልፏል» ብላችሁ አትቅሩ።

4. ቀጠሮዎቹን ጨርሱ። ክትባቱ በአንድ መርፌ አያበቃም። ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ቀን፣ በ3ኛው፣ በ7ኛውና ከዚያም በኋላ ባሉ ቀጠሮዎች ይሰጣል። ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ፣ ወይም ፊት፣ ራስና እጅ ላይ ከሆነ፣ ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባል መድኃኒትም ሊያስፈልግ ይችላል። ስለ መንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ክትባትም ሐኪሙን ጠይቁ።

5. ውሻውን በንዴት አትግደሉት። በደህና መያዝ ከተቻለ ታስሮ ለ10 ቀን ይጠበቅ። በ10 ቀን ውስጥ ካልታመመና ካልሞተ በነከሰበት ዕለት በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው፤ ክትባቱን ማቆም ይቻል እንደሆነም ሐኪሙ ይወስናል። እስከዚያ ግን የልጁ ክትባት አይዘገይም። ውሻው ከሞተ በባዶ እጃችሁ አትንኩት፤ ለእንስሳት ሐኪም አስታውቁ።

የሚዘወተሩ ስሕተቶች

«ቁስሉ ላይ ቡና ብንነሰንስበት፣ ፌጦ ብንለጥፍበትስ?» አይሆንም። ቡና፣ ፌጦ፣ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና አመድ ቁስሉን ያቆስሉታል፤ ቫይረሱን ግን አያጠፉም።

«ውሻ የነካውን ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር እንድናጥብ ታዘን የለም ወይ?» ያ ትእዛዝ ውሻ አፉን የከተተበትን ዕቃ ስለማጥራት የመጣ ነው፤ ዝርዝሩን ከዑለማዎቻችን እንጠይቃለን። ክፍት ቁስል ላይ ግን አፈር ማድረግ የመንጋጋ ቆልፍን ጀርም ሊያስገባ ይችላል። ቁስል የሚታጠበው በውኃና በሳሙና ነው።

«የባህል መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ብንወስደውስ?» ሥራሥር ጠጥቶ ዳነ የሚባለው ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያውኑ ጤነኛ በሆነ ውሻ የተነከሰ ነው። በእርግጥ ያበደው የነከሰው ልጅ ግን በዚያ መንገድ የሚያጠፋው ቀን ሕይወቱን ያስከፍለዋል። ዱዓና ሩቃ ማድረግ መልካም ነው፤ ክትባቱን ግን አይተኩም። ግመሉን ሳያስር በአላህ መመካት ለፈለገው ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጀመሪያ እንዲያስራትና ከዚያ እንዲመካ መምከራቸውን ሁላችንም ሰምተናል።

«ክትባቱ እኮ ሆድ ላይ የሚወጋ ብዙ መርፌ ነው!» ይህ ፍርሃት ካለፈው ዘመን የቀረ ነው። ቀደም ሲል በአገራችን ይሰጥ የነበረው ከበግ አንጎል የሚዘጋጅ ክትባት ሆድ ላይ በየቀኑ ለብዙ ቀናት ይወጋ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት አሁን የሚመክረው ክትባት ግን ጥቂት ጊዜ፣ ክንድ ላይ ይሰጣል፤ ለሕፃናት ደግሞ ጭን ላይ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም መከተብ ትችላለች።

«ረመዳን ቢሆንስ?» ክትባት ለፆም ተብሎ አይዘገይም። ስለ መርፌና ስለ ፆም ጥያቄ ካላችሁ ኢማማችሁን ጠይቁ፤ እየጠየቃችሁም ቢሆን መንገድ ጀምሩ።

«ያበደ ውሻ የነከሳት ላም ወተትስ?» ታማ ከተጠረጠረች ወተቷን አትጠጡ፤ አርዳችሁም ሥጋዋን አትብሉ። አፏን በእጁ የነካ ወይም ያረዳት ሰው ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

የባለቤት ኃላፊነት

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል። እኛ ደግሞ እንዲህ እንላለን፦ በበላበት የሚጮኽ ከሆነ ያበላው ሰው ባለቤቱ ነው። ትርፍራፊ እየጣልንለት፣ ሌሊት በሩን እየጠበቀልን፣ የሰው ልጅ ሲነክስ «የኛ ውሻ አይደለም፣ ዝም ብሎ የሚመጣ ነው» ማለት አማና መካድ ነው።

ሃይማኖታችን ለእርሻ፣ ለከብት ጥበቃና ለአደን የሚሆን ውሻ መያዝን ፈቅዷል፤ የዋሻው ሰዎች ውሻም በቁርኣን ተወስቷል። ቤትና ንብረት ለማስጠበቅ ስለመያዝ የዑለማዎችን ማብራሪያ መስማት ይገባል። ይሁንና የተፈቀደ ነገር ሁሉ ከግዴታ ጋር ነው። ሌላውን መጉዳት በዲናችን ክልክል ነው። ተናካሽ ውሻ በሐረም ክልል እንኳ እንዲገደል ከተፈቀዱት ጥቂት እንስሳት አንዱ መሆኑ፣ የሰው ደኅንነት ምን ያህል እንደሚቀድም ያሳያል። የፊቅህ ሊቃውንትም ተናካሽነቱን እያወቀ ውሻውን የለቀቀ ሰው ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሚሆን ጽፈዋል።

የአገሪቱም ሕግ ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ እንስሳው ሳይታሰብ አምልጦ ቢሆን እንኳ ባለቤቱ ከኃላፊነት አይድንም። በቸልተኝነት ሰው እንዲሞት ማድረግ ደግሞ በወንጀል ሕጉ ያስቀጣል። ነገር ግን ካሳም ሆነ እስራት የሞተን ልጅ አይመልስም። የኃላፊነት ትክክለኛው ጊዜ ከንክሻው በፊት ነው፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ። ታዲያ ባለቤቱ ምን ያድርግ?

ሀ/ ያስከትብ። ውሻው ሦስት ወር ከሞላው ጀምሮ የእብድ ውሻ ክትባት ይሰጠው፤ በየዓመቱም ይደገም፤ ወረቀቱም ይቀመጥ። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ማለትም ከአሥሩ ሰባቱ ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። ስለዚህ አንድ ሰው ውሻውን ሲያስከትብ የሚጠብቀው የራሱን ልጅ ብቻ ሳይሆን የሰፈሩን ልጆች በሙሉ ነው።

ለ/ አጥሩን ያጥብቅ። ሌሊት ውሻ መልቀቅ ካስፈለገ በተዘጋ ግቢ ውስጥ ይሁን። ከፈጅር አዛን በፊት በሩ መዘጋቱ ይረጋገጥ። ተናካሽ ውሻ ካለ በበሩ ላይ ይጻፍ፤ እንግዳ ሲመጣም ይታሰር።

ሐ/ አያሠቃየው። ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ፀሐይ ላይ ታስሮ፣ ተርቦና ተጠምቶ የሚውል ውሻ ክፉ ይሆናል። የተጠማን ውሻ በማጠጣቱ አላህ የማረው ሰውና ድመቷን አስራ በረሃብ በመግደሏ የተቀጣችው ሴት ታሪክ ለእኛ ትምህርት ነው። ጥላ፣ ውኃና ምግብ ለሰው ደኅንነትም ይጠቅማሉ።

መ/ ውሻን ለክፋት አያሠልጥን። ልጆች ውሻን በሰው ላይ «ያዝ!» እያሉ ሲልኩ ዝም ማለት ጦር መሣሪያ ይዘው ሲጫወቱ ዝም እንደማለት ነው። በተለይ የውጭ ዝርያ ትልልቅ ውሾችን ለግቢ ጥበቃ የሚገዙ ወገኖች ይህንን ያስቡበት።

ሠ/ ቡችሎችን አይጣል። የማይፈለጉትን ቡችሎች በጆንያ ከትቶ ሌላ ሰፈር ወይም ሐይቅ ዳር መጣል በሚቀጥለው ዓመት የሌላ ሰው ልጅ የሚነክስ ውሻ ማሳደግ ነው።

ረ/ ውሻው ከነከሰ አይሸሽግ። ወደ ተነካሹ ቤት ይሂድ፣ ክትባቱን የሚያሳይ ወረቀት ካለው ያሳይ፣ ከሌለውም በግልጽ ይናገር፣ ልጁን ወደ ሕክምና ለማድረስ ወጪውን ይሸፍን፣ ውሻውን አስሮ 10 ቀን ይጠብቅ። ብዙ ባለቤቶች ጠብ ፈርተው ውሻውን በሌሊት ያስወግዱታል። ይህ ሐኪሙን ማየት የሚገባውን ምልክት ያሳጣዋል።

ጀማዓው ምን ያድርግ?

ባለቤት የሌላቸውን ውሾች በተመለከተ አንዳንድ ሰፈር መርዝ መበተንን እንደ መፍትሔ ይወስዳል። መርዝ ግን ልጅንና ሌላ እንስሳንም ይገድላል። በሽታውንም አያጠፋም፤ የሞቱት ውሾች ቦታ ባልተከተቡ አዳዲስ ውሾች ይተካል። ውሾቹን ወደ ሰፈራችን የሚጠራቸው የምንጥለው ቆሻሻ ነው።

በዚህ ረገድ የዒድ አል አድሓ (የዐረፋ) ቀን ልዩ ትኩረት ይሻል። የእርድ አንጀት፣ ሳንባና ጉበት በየመንገዱ ሲጣል ውሾች ይሰበሰባሉ፤ በሥጋ ሽታ የተጣላ ውሻም በአጠገቡ ያለፈ ልጅ ላይ ይዞራል። ሌላም ችግር አለው። ሳንባና ጉበት ላይ የሚገኘው ውኃ የቋጠረ ከረጢት ሃይዳቲድ የሚባል ጥገኛ ትል ነው። በባሕር ዳር ቄራ በታረዱ ከብቶች ላይ ተጠንቶ በ2009 እ.ኤ.አ. በታተመ ምርመራ ከሦስት ከብት በአንዱ ገደማ ተገኝቷል። ይህንን ሥጋ የበላ ውሻ እንቁላሉን በዓይነ ምድሩ ይበትናል፤ ልጅም ባልታጠበ እጅ ይውጠዋል። ስለዚህ የእርዱ ትርፍ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ይቀበር፤ ለውሻ ጥሬ ሳንባና ጉበት አይሰጥ።

የመስጂድ ኮሚቴዎች የሚከተሉትን በቀላሉ ማድረግ ይችላሉ፦ ከጁሙዓ በኋላ ስለ 15 ደቂቃው እጥበት ማስታወቂያ መናገር፣ በውዱእ ማድረጊያው ቦታ ሳሙና ማኖር፣ የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና የእንስሳት ሐኪም ጋብዞ የውሻ ክትባት ቀን ማስወሰን፣ ለተነከሰ የድሃ ልጅ ትራንስፖርትና ክትባት ከሰደቃው ድርሻ መመደብ። የቁርኣን ቤት ኡስታዞችም ልጆችን በቡድን እንዲመጡና እንዲመለሱ ቢያደርጉ መልካም ነው።

ለልጆቻችን የምንነግራቸው

ውሻ ሲመጣባችሁ አትሩጡ፤ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ እጃችሁን ሰብስቡ፣ ዓይን ዓይኑን አትዩት፣ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ከጣላችሁ ተጠቅልላችሁ አንገታችሁንና ጆሯችሁን በእጃችሁ ሸፍኑ። የሚበላ፣ የተኛ፣ የታሰረ ወይም የሚያጠባ ውሻ አትንኩ። በድንጋይ አትምቱ። ከነከሳችሁ ደግሞ ወዲያውኑ ተናገሩ።

ውድ አንባቢያን፣ የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ በውሻ በሚተላለፍ ሬቢስ የሚሞት ሰው በ2030 እ.ኤ.አ. እንዳይኖር ግብ አስቀምጠዋል። ያ ግብ በእኛ ሰፈር የሚጀምረው ከዛሬ ማታ ነው። ውሻ ካላችሁ ሁለት ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ተከትቧል? በሩስ ተዘግቷል? ለሁለቱም «አዎን» ማለት ካልቻላችሁ፣ ነገ ማለዳ በበራችሁ የሚያልፈው የጎረቤት ልጅ አማናችሁ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ በእጃችን ያለውን ሰበብ የምናደርስ ያድርገን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።